የነከስኩት ቅጠል

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን ያለው ሰውዬ ዛሬ በአካል ቢገኝ አንገቱን ነበር የማንቀው። አርባ አንድ ዓመት አደርኩ። አልጠራም።

የሚያውቁኝ ሁሉ ቀባጣሪ መሆኔን ያውቃሉ፤ አልክድም። ድመት ካየሁ ነብር ነው የማወራው። ካፊያ ከመታኝ ጎርፍ ወስዶ መልሶኛል። ባለቤቴ «እሷ የምትነግረኝን ለአሥር አካፍዬ ነው የምሰማው» ይላል፤ እሱም ሲያጋንን ነው፣ የሚያካፍለው ለአምስት ብቻ ነው። ነገር ግን በዕድሜዬ ሙሉ ካወራሁት መሃል፣ በኩንታል እህል ውስጥ እንደ ጠጠር የተገኘች አንዲት እውነት አለችኝ። በሰባት ዓመቴ ተናገርኳት፤ ወዲያው መልሼ ዋጥኳት። ይህችን ብቻ ለምንም አታካፍሏት።

እናቴ በከተማችን የሕዝብ አትክልት ስፍራ አትክልተኛ ነበረች። በዓለም ላይ ትልቁ የአትክልት ስፍራ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል፤ አበቦቹ አርባ ሺህ ዓይነት ናቸው፤ መሃል ላይ ያለው ገንዳ መርከብ ያሰምጣል። አምና ሄጄ በእርምጃ ለካሁት። ርዝመቱ መቶ ስልሳ እርምጃ ነው። ገንዳው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ ገብቼ ነው ያረጋገጥኩት፣ ጎትተው አወጡኝ።

ስድስቱን ቀን እማዬ በሠራተኞች በር፣ በጎማ ጫማና በሰማያዊ ቱታ ነበር የምትገባው። እሁድ ግን ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን በእጇ ይዛ በትልቁ በር እንደ እንግዳ ትገባለች። በሩ ላይ ቁልፉን በወገቡ ያንጠለጠለው ዘበኛ ይቆማል፤ በየሳምንቱ ያችኑ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

«እንግዶች ናችሁ? ከየት ነው አመጣጣችሁ?»

«ከሩቅ አገር ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ሣር እንዳትረግጡ። አትክልተኛዋ ኃይለኛ ናት አሉ።»

«እኛም ሰምተናል» ትልና ሳትስቅ ታልፋለች።

ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እየዞረች ትተቻለች። «ይህን ጽጌረዳ እንዲህ የከረከመው ማን ነው? እጁን ይቁረጠው።»

«አንቺ ነሽ እኮ እማዬ፣ ማክሰኞ።»

«እኔ ብሆንስ?»

የአትክልቱን ዙር ስንጨርስ አዳራሹ እንገባለን። እዚያ የከተማው ሰው የሳለው ሥዕል ይሰቀል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ የሳለው ፈረስ ነበረ፤ እማዬ ፊቱ ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ «ይህ ሰው ፈረስ ያየው ተኝቶ ነው» አለች። ልብስ ሰፊው አበባ ስሎ ነበር። «አበባው ደህና ነው። ውሃ ግን አላጠጡትም» አለች። እኔ በዓለም ላይ ካሉት ሊቆች ሁሉ እናቴ ትበልጣለች ብዬ አምን ነበር። ስለዚህኛው አሁንም አልቀንስም።

እማዬ ራሷ ትስል ነበርና። ማንበብ የማይችል ሰው ተክሉን እንዲለይ ብላ በየታፔላው ላይ፣ ከስሙ ሥር፣ ተክሉን በቀለም ትስላለች። የምትስለው በማለዳ ነው። ዘበኛው ለሁለታችን ብቻ በሩን ይከፍትልናል፤ ሌላው ሠራተኛ ሳይመጣ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ እሷ ኮምፔንሳቶዋን ጭኗ ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች፤ እኔ የብሩሽ መንከሪያውን ጣሳ እይዛለሁ። ያየችውን እንጂ ሌላ አትስልም። የቅጠሉ ጫፍ ደርቆ ከሆነ ደርቆ ነው የሚሳለው። ወፍ ኩሳ ከሆነም ኩሱ ይገባል።

«ለምን አታሳምሪውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሰውዬው ታፔላውን አይቶ ተክሉን ሲፈልግ፣ ባሳምረው በምን ያገኘዋል?»

በዚያው ዓመት ወሬ መጣ። አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የሥዕል አስተማሪ ይፈለጋል። ከትልቁ ከተማ ዳኞች ይመጣሉ፤ በአዳራሹ ከተሰቀለው ሥዕል የበለጠውን የሳለ ሰው፣ ምስክር ወረቀት ሳይጠየቅ ይቀጠራል። እማዬ ይህን የሰማች ዕለት ባልዲውን ያስቀመጠችው ሳይሆን የጣለችው ይመስለኛል። በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ተሸክማ ስትመላለስ ወገቧ አልቆ ነበር፤ ያኔ ሠላሳ ዓመቷ ነው። «ጠመኔ ምን ያህል ይከብዳል?» አለችኝ ማታ ራት ላይ። ትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው እየተቀመጠች ስድስት ትልልቅ ሥዕሎች ሠራች። ሥዕሎቹን ተረክቦ የሚያቀርበው የአትክልት ስፍራው ኃላፊ ነው። አዳራሽ ውስጥ እንኳ ባርኔጣውን ስለማያወልቅ ሠራተኞቹ በሌለበት ባርኔጣው ይሉታል። እማዬ ስታስረክበው አጠገቧ ነበርኩ።

«ስምሽን አትጻፊበት» አላት። «የሁሉንም ስም አሳምሬ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንቺ በዚህ አትልፊ።»

ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ልብ በሉ፤ እንዲህ ነው ያልኩት።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ወደ ንክሻው። በአትክልቱ ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ሠራተኞቹ የዝሆን ጆሮ የሚሉት ተክል አለ። አንዱ ቅጠል ብቻውን ለእኔ ጃንጥላ ይሆናል። እኔ ደግሞ ለሰፈር ልጆች ዝሆን ጆሮውን ነክሼ አባርሬያለሁ ብዬ አውርቼ፣ «ወላቃዋ፣ በየትኛው ጥርስሽ?» ብለው ስቀውብኛል። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር። ስለዚህ ውሸቴ ውሸት እንዳይሆን ብዬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ቅጠሉን ጫፉ ላይ ገመጥኩት።

እሳት ነው። ምላሴ አብጦ ጫማ አከለ፤ ከንፈሬ አገጬ ላይ ተንጠለጠለ። ዘበኛው ነው ሮጦ ደርሶ ከቧንቧው ሥር የደፋኝ። እየሳቀ አፌን አጥቦ አጥቦ፣ «አንቺ ወላቃ፣ ፍየል የማትደፍረውን!» አለኝ። ለእናቴ እንዳይነግር ለመንኩት። ማለልኝ። መሐላውን ጠብቆ ሞተ፤ ምን ያደርግልኛል።

በማግስቱ ማለዳ እማዬ የመጨረሻውን ሥዕል ልትጨርስ ከዝሆን ጆሮው ፊት ተቀመጠች። ቅጠሉን አየችው። ከግራና ከቀኝ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ተገምጧል፤ መሃል ላይ ግን፣ ጥርስ በሌለበት በኩል፣ ትንሽ ምላስ የምታህል አረንጓዴ ቆማ ቀርታለች። ዞር ብላ ከንፈሬን አየችው። ብሩሹን ነክራ፣ ግማሽ ጨረቃዎቹን፣ መሃል የቀረችውን ምላስ፣ ዳሩ ቡናማ መሆን የጀመረውን ሁሉ እንዳለ ሳለችው። አላወቀችም ብዬ ተገላገልኩ።

ቀትር ላይ ባርኔጣው ቅጠሉን አገኘው። ሠራተኞቹን ሰበሰባቸው፤ እኔ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ነበርኩ።

«ይህን ያደረገ የሠራተኛ ልጅም ይሁን የሠራተኛ ከብት» አለ፣ ጣቱን ንክሻው ውስጥ ከትቶ፣ «ሠራተኛው በዚያኑ ቀን ይባረራል። ጉዳዩን እኔ ራሴ አጣራለሁ።»

በርሜሉን አቅፌ ቀረሁ። እናቴ በእኔ ጥርስ ልትባረር ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። እሺ፣ ሁለት ሌሊት።

እሁድ ደረሰ። ቢጫው ቀሚስ ተተኮሰ። ዘበኛው በሩ ላይ «እንግዶች ናችሁ?» አላለም፤ ዛሬ ሰው ስለበዛ ነው ብዬ አለፍኩ። አዳራሹ ሞልቷል። የእማዬ ስድስት ሥዕሎች በመስታወት ፍሬም ገብተው ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ሥር በሚያምር ጽሕፈት የባርኔጣው ስም። ማንበብ ገና መቻሌ ነበርና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«እማዬ፣ የእሱን ስም ጽፎበታል።»

እኔ አልገረመኝም፤ እኛ የባልዲያችን ቂጥ ላይ እንዳይሰረቅ ስማችንን እንጽፋለን። እሱም ሥዕሏ እንዳይሰረቅ መሆን አለበት። የእማዬ እጅ ግን በእኔ እጅ ውስጥ እንደ ቧንቧ ቀዝቅዞ ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ራሳቸውን ከመነቅነቅ ሌላ ሥራ የሌላቸው፣ ሦስተኛዋ ወፍራም መነፅር ያደረገች ሴትዮ። ባለመነፅሯ ከዝሆን ጆሮው ፊት ቆመች፤ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«ይህች ነገር ምንድን ናት? ቅጠሉ ዳር ላይ ያለችው።»

ባርኔጣው ጎንበስ ብሎ አየ። ያን ቀን ጣቱን ከትቶ የፎከረበትን ንክሻ አላወቀውም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ ሰረቀ፣ የሰረቀውን እንኳ አላየውም።

«ትል ነው» አለ። «ትል የበላው ነው።»

ትል። እኔን። ዝሆን የነከስኩትን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ትል አይደለም። እኔ ነኝ የነከስኩት» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ባለመነፅሯ ግን አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ዞረች። በዚያች ቅጽበት እማዬ፣ በሕይወቷ ከሰው በላይ ድምፅ አውጥታ የማታውቀው እናቴ፣ «ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው» አለች።

ባርኔጣው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነበር የመጣው። «አትክልተኛችን ናት» አለ እየሳቀ። «እኔ ስስል ተክሎቹን ታስተካክልልኛለች። ከመልፋቷ የተነሳ የራሷ መስሏት ነው።»

«እህቴ፣ ስትስዪ ያየሽ ሰው አለ?» አለች ባለመነፅሯ።

እማዬ በመጀመሪያ ያየችው ወደ በሩ ነው። እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁ። ዘበኛው ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ጫማውን ይመለከታል። ሦስት ወር በየማለዳው በሩን የከፈተልን ሰው። ጫማው ላይ ምን እንዳገኘ እንጃ፣ ቀና ሊል አልቻለም። ያን ጊዜ ያፈረ ነው የመሰለኝ፣ በእኔ ምክንያት፤ መሐላውን እንዳያፈርስ የተጨነቀ። እሱ የተጨነቀው ለእንጀራው እንደነበር ለመረዳት እኔም እንጀራ የሚሰጥና የሚነሳ አለቃ ማግኘት ነበረብኝ።

«ልጄ አይታለች» አለች እማዬ። «ጣሳውን የምትይዝልኝ እሷ ናት።»

ባለመነፅሯ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከፊቴ ጋር አስተካከለች። «ነይ እስቲ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ። ወደ ሥዕሉ ቀና አለች፣ ወደ አፌ ተመለሰች። «ይህን ቅጠል አንቺ ነሽ የነከስሽው? እውነቱን ንገሪኝ። እናትሽ ስትስለው ነበርሽ?»

እማዬ እጄን ጨመቀችው። አጥንቴ እስኪሰማኝ።

ባርኔጣው ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ያየኛል። በጆሮዬ «በዚያኑ ቀን ይባረራል» የሚለው ይደውላል። እማዬ እጄን የጨመቀችው ዝም በይ ብላ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ነገሩን ሁሉ ተረዳሁት። እናቴን ማዳን አለብኝ፤ ማንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ።

«አልነከስኩም» አልኩ። «ዋሽቼ ነው።»

«ስትስልስ?»

«አላየሁም። የዋሸሁት ሁሉንም ነው።»

የእማዬ እጅ ተፈታ።

«ልጆች አይደሉ» አለ ባርኔጣው፤ ራሴን ዳበሰኝ። «ይህቺ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀች ቀባጣሪ ናት። ማንንም ጠይቁ።» ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀብዬ በላሁት። የብርቱካን ነበር፣ ይጣፍጥ ነበር። ለራሴ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ያን ከረሜላ መምጠጤን ግን ይቅር አልልም።

ባለመነፅሯ ብድግ አለች። ለአፍታ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ ጉልበቷ ላይ የነካውን አቧራ አራግፋ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈች። አልፋ ሄደች። ያን አፌን አይታ፣ ያን ሥዕል አይታ።

ስንወጣ ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶን ምንም ያልሆነውን በር ያጠብቃል። መንገዱ ላይ እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር።

«እማዬ፣ አላባረሩሽም አይደል?»

ትንሽ ተራመደች። «አላባረሩኝም» አለች።

ማታውኑ ለሰፈር ልጆች እናቴን ከሦስት ዳኞችና ከአንድ ባርኔጣ እንዴት እንዳስጣልኳት ነገርኳቸው። ያን ቀን ማጋነን አላስፈለገኝም ነበር። ቀኑ ራሱ የተጋነነ ነው።

ከዚያ በኋላ እሁድ በትልቁ በር አልገባንም። ኮምፔንሳቶው የውሃ በርሜሉ ክዳን ሆነ፤ ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ሽንኩርት ተላላጠ። ታፔላዎቹ ላይ ከዚያ ወዲህ ስም ብቻ ተጻፈባቸው። ባርኔጣው የአስተማሪነቱን ሥራ ወሰደው፤ ኃላፊነቱንም አልተወም። ሦስተኛ ክፍል ስገባ እኔንም አስተማረኝ። «ቅጠል ሳሉ» አለን። እኔ ከግቢያችን አንድ ቅጠል ቀጥፌ አምጥቼ ፊቴ አስቀምጬ ሳልኩ፤ ቀዳዳ ነበረው፣ ከነቀዳዳው ሳልኩት። ደብተሬን ለክፍሉ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ቅጠል ማለት ሙሉ ነው» አለ። «ቀዳዳ ያለው ቅጠል የሚስለው ሰነፍ ነው።» ዜሮ ሰጠኝ።

ስቄ ቀረሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ቤቴ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ድስት ታጥብ ነበር። ያን ድስት ያን ማታ ሦስት ጊዜ አጠበችው። አሁን ነው የማስታውሰው።

ባርኔጣው ተከብሮ ኖሮ ተከብሮ ሞተ። አዳራሹ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። ስድስቱ ሥዕሎች አሁንም ፊት ለፊት ናቸው።

እማዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከዘራ ይዛለች፣ አፏ ግን ያው ነው። ከአምና ጀምሮ በየእሁዱ አትክልት ስፍራው እወስዳታለሁ፤ በትልቁ በር። አዳራሹ ውስጥ ግን አልገባም ትላለች። እኔ ሰው ለማስጎብኘት እየገባሁ «ይህ የእኔ ንክሻ ነው» እላለሁ፤ ይስቃሉ፤ ለአሥር ያካፍሉኛል። የነበሩኝ ክፍተቶች ተሞልተዋል። ጥርስ በቀለ፣ ማስረጃዬን ዘጋው።

ባለፈው እሁድ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነበር። አንድ ወጣት አትክልተኛ በጎማ ያጠጣል፤ እማዬ ትቆጣለች። «በቀትር ያጠጣል እንዴ? ሊቀቅለው ነው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አርባ አንድ ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። «እማዬ፣ ያን ቀን ዝም በይ ያልሽኝን እምቢ ባልኩሽ ኖሮ።»

«መቼ ነው ዝም በይ ያልኩሽ?»

«እጄን ጨመቅሽው እኮ።»

ዞር ብላ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ አየችኝ። «የጨመቅኩሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው። በርቺ ብዬ ነው።» ከዚያ ከዘራዋን አነሳች። «እዪ፣ እዪው፣ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን ያጥበዋል። ልብስ መሰለው?»

ደሜ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ ጆሮዬ ውስጥ ፈላ። በራሴ ላይ ነበር አርባ አንድ ዓመት የተናደድኩት። አንዲት ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ እሺ የሞላት፣ ወላቃ ልጅ ናት ፍርዱን የተሸከመችው፤ በሩን የከፈተው ትልቅ ሰው ጫማውን ሲያይ፣ ሥዕል አዋቂዋ አቧራዋን ስታራግፍ፣ ሌባው ከረሜላ ሲያድል። እኔን ጠየቁ። ቁልፍ የያዘውን አልጠየቁም።

«ተነሺ» አልኳት።

«ወዴት?»

«እንግዶች ነን፤ ከሩቅ አገር ነው የመጣነው። አዳራሹን እንየው።»

አልገባም አላለችም። በእኔ ክንድና በከዘራዋ ተደግፋ ገባች። ውስጥ አንዲት ወጣት አስጎብኚ አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎብኚዎች ሰብስባ ከዝሆን ጆሮው ፊት ቆማለች፤ በእርግጥም አሥራ አምስት ነበሩ፣ ቆጠርኳቸው። «ታላቁ ሠዓሊ» ትላለች፣ «በዚህች ትል በበላት ቅጠል የዕድሜን ከንቱነት ገልጸውልናል።»

እማዬ ከሥዕሉ ፊት ቆመች። ብዙ አየችው። «ይህቺ አረንጓዴ በዝታለች» አለች ቀስ ብላ። «ብሩሹ አልታጠበም ነበር። ጣሳው ቆሽሿል፣ ውሃ ቀይሪ ብዬሽ ነበር።»

«ትል አይደለም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አስጎብኚዋ ታውቀኛለች፤ ፈገግ አለች። ጎብኚዎቹም መሳቅ ጀመሩ። «እትዬ፣ ዛሬም እርስዎ ነዎት የነከሱት?» አለች አስጎብኚዋ።

እማዬ እጄን ጨመቀችው። አጥንቴ እስኪሰማኝ፣ በሰባ አንድ ዓመቷ። አልፈራሁም ብል ማጋነን ይሆናል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «የሳለችውም ይህችው እናቴ ናት።» ቀጠልኩም፤ ከጣሳው ጀምሬ፣ በሩን ማን እንደከፈተልን፣ ስም አትጻፊ ያላት ማን እንደሆነ፣ ከረሜላው የምን እንደነበረ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አሉኝ። ከፍ አደረግሁት።